ሰልፉን ያስረዘመው ማን ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን የሞባይል ጌም እየሠራን ነው። ተጫዋቹ በአንዲት አሮጌ ውይይት ታክሲ ይጀምራል። እየሠራ ወደ ሚኒባስ፣ ወደ ዶልፊን፣ ከዚያ ወደ ቅጥቅጥ ያድጋል። በየሳምንቱ ብዙ ገቢ ያስገቡት ስማቸው ሰንጠረዥ ላይ ይወጣል። ጌሙ ነፃ ነው። የምንሸጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊዜ። ከ12ኛ ደረጃ በኋላ አንድ ዕቃ ለማሻሻል ጋራዥ ሲገባ 8 ሰዓት ይቆያል። መጠበቅ ያልፈለገ 40 ብር በቴሌብር ከፍሎ ወዲያው ያወጣል። ለሙከራ ከሰጠናቸው ልጆች ግማሾቹ ‹ፔይ ቱ ዊን (የከፈለ የሚያሸንፍበት) ነው› አሉን። አንዱ ጓደኛችን ደግሞ ‹ሰው የማይገዛው 8 ሰዓት አጭር ስለሆነ ነው፣ 20 እናድርገውና በሚቀጥለው አፕዴት እናውጣው› ይላል። እኔ ግራ ገባኝ። ማንንም አላስገደድንም። ያልከፈለም ቆይቶ እዚያው ይደርሳል። ምኑ ላይ ነው ጥፋታችን?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። በውይይት ተጀምሮ ቅጥቅጥ ላይ የሚደረስበት ጌም ቢሰጠኝ እኔም ሌሊቱን ቁጭ ብዬ የምጫወት ነኝ። የእኔ ሥራ የጌም ውስጥ ገበያ ዲዛይን ነው። ምኑ ይሸጥ፣ በስንት ይሸጥ፣ ምኑ በነፃ ይገኝ የሚለውን ስወስን ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ መልሴ ረዘም ይላል።

የታክሲ ጌም ስለሆነ በታክሲ ላስረዳ። ማታ ሜክሲኮ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ እንበል። ተራ አስከባሪው ጠጋ ብሎ «ሃያ ብር ከሰጠኸኝ ከፊት አስገባሃለሁ» ቢልህ ትናደዳለህ። ቢሆንም ሰልፉን እሱ አልፈጠረውም። ታክሲ ስላነሰ የመጣ ሰልፍ ነው። አሁን ሌላ ተራ አስከባሪ አስብ። ሦስት ባዶ ሚኒባስ ከጀርባ አስቁሞ፣ ሰልፉ እስኪረዝም ጠብቆ፣ ከዚያ መጥቶ ሃያ ብር የሚጠይቅ።

ጌም ውስጥ ያለ ሰልፍ ሁሉ የሁለተኛው ዓይነት ነው። ጋራዣችሁ ውስጥ መካኒክ የለም። ዕቃ ከዱባይ እስኪመጣ የሚጠበቅ ነገር የለም። 8 ሰዓቱ ከእናንተ አንዱ ኮዱ ላይ የጻፈው ቁጥር ነው። ስለዚህ «ማንንም አላስገደድንም» ስትል አልዋሸህም። ግን ልጆቹ የጠየቁህ ስለ መገደድ አይመስለኝም። ሰልፉን ያስረዘመው ማን ነው፣ ለምንስ አስረዘመው ነው ጥያቄያቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ መጠበቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ክላሽ ኦፍ ክላንስን የማያውቅ የለም። የፊንላንዱ ሱፐርሴል እ.ኤ.አ. በ2012 ነው ያወጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። መንደርህን ትገነባለህ፣ ግንባታው ጊዜ ይፈጃል፣ ስልክህን አስቀምጠህ ወደ ሥራህ ትሄዳለህ፣ ማታ ትመለሳለህ። ጥበቃው ጌሙን ከቀንህ ጋር አስማምቶታል። አንድ ተጫዋች ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ቢጨርስ በማግስቱ የሚመለስበት ምክንያት የለውም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ዲዛይን ነው።

ችግሩ የሚመጣው የጥበቃው ርዝመት በሱቁ ሲለካ ነው። የዚያን ጌም የቆየ ስሌት ተመልከት። 1 ሰዓት ለመዝለል 20 ጄም (የጌሙ ገንዘብ ነው)። 1 ቀን ለመዝለል 260 ጄም። 1 ሳምንት ለመዝለል 1,000 ጄም። አካፍለው። በአንድ ሰዓት ስትገዛ ሰዓቱ 20 ጄም ነው። በቀን ስትገዛ ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። በሳምንት ስትገዛ 6 ይሆናል። እንደ መርካቶ ጅምላ ነው፤ በብዛት የገዛ ይቀነስለታል። እና ረጅም ጥበቃ ላይ የቆመ ሰው «ረከሰልኝ» እያለ ብዙ ያወጣል። ቁጥሮቹን ያወጣው ሰው ጎበዝ ነው፤ እኔ ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ። ግን ቁጥሩ ስለ ጨዋታ ደስታ የሚናገረው ምንም ነገር የለውም።

በነገራችን ላይ እዚያው ጌም ውስጥ የምወደው ሽያጭም አለ። ተጨማሪ ግንበኛ ትገዛለህ፤ አንዴ ከገዛኸው ለዘላለም ያንተ ነው። ጄሙንም ሳትከፍል ዛፍና ድንጋይ እያጸዳህ፣ አንዳንድ ግብ እየመታህ ማጠራቀም ትችላለህ። የሸጠልህን ነገር ነገ መልሶ አይሸጥልህም። ይህን ልዩነት ያዝልኝ።

አሁን ወደ ጓደኛህ 20 ሰዓት እንምጣ። ጌሙ እስከ ስንተኛ ደረጃ እንደሚሄድ አልነገርከኝም። 30 እንበል፤ በየደረጃው የሚሻሻሉ 5 ዕቃዎች ይኑሩ። ከ12 እስከ 30 ያሉት 18 ደረጃዎች ናቸው። 18 በ5 ሲባዛ 90 የጋራዥ ጉዞ። በ8 ሰዓት 720 ሰዓት ነው፤ ልክ 30 ቀን። በ20 ሰዓት 1,800 ሰዓት ይሆናል፤ 75 ቀን። ጓደኛህ የጨመረላችሁ 45 ቀን ነው። በእነዚህ 45 ቀናት ውስጥ አዲስ መንገድ የለም፣ አዲስ ተሳፋሪ የለም፣ አዲስ ረዳት የለም። ባዶ ሰልፍ ብቻ። ከዚያ ሰልፉን ሙሉ በሙሉ መዝለል የፈለገ ሰው 90 ጊዜ 40 ብር ይከፍላል፤ 3,600 ብር።

ይህን ቁጥር ለተጫዋቾቻችሁ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉላቸው እስቲ። «ጌሙ ነፃ ነው፤ ቶሎ ለመጨረስ 3,600 ብር።» ለመጻፍ ካፈራችሁ፣ ዋጋው በ40 ብር በ40 ብር የተከፋፈለው እንዳይታይ ነው ማለት ነው። እኔ አዲስ ጌም ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምሠራው ይህን ድምር ነው። ብዙ ጊዜ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ደምረውት አያውቁም፤ ስነግራቸው ይደነግጣሉ።

ይህ ነገር በትልቁ ሲፈነዳ ምን እንደሚመስል ላስታውስህ። ኖቬምበር 2017 ነው። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2ን ሊያወጣ ቀናት ቀርተውታል። የእናንተ ነፃ ነው፤ ያኛው ግን መደበኛ ዋጋው 60 ዶላር ነበር። አስቀድመው የገቡ ተጫዋቾች የስታር ዋርስን ታዋቂ ገጸ ባሕርይ ዳርዝ ቬደርን ፈለጉት። ተቆልፏል። ለመክፈት 60,000 የጌም ብር ያስፈልጋል። አንድ ተጫዋች ቁጭ ብሎ ሲያሰላው ለአንድ ጀግና 40 ሰዓት ገደማ መጫወት ሊጠይቅ ነው። ከጎኑ ደግሞ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ የዕጣ ሳጥን አለ። ከሳጥኑ የሚወጡት ካርዶች ጌጥ አልነበሩም፤ ውጊያ ላይ አቅም የሚጨምሩ ነበሩ።

ሰው ሬዲት የሚባለው የውይይት ድረ ገጽ ላይ ጮኸ። ኩባንያው መለሰ፤ መልሱ ባጭሩ ተጫዋቾች ለፍተው ሲያገኙት ኩራት እንዲሰማቸው ነው የሚል ነበር። ያ መልስ ከ600,000 በላይ የተቃውሞ ድምፅ ተሰጠው። ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፈረ። ለመመዝገብ ብዙ የተሻለ መንገድ ነበር።

ከዚህ ታሪክ እኔን የሚስበኝ ጩኸቱ አይደለም፤ በማግስቱ የሆነው ነው። ኩባንያው የጀግኖቹን ዋጋ በ75 በመቶ ቀነሰ። ቬደር ወደ 15,000 ወረደ። ሰው ሊያጨበጭብ ሲል አንዱ ነቄ ሌላ ነገር አየ። ባለታሪኩን የጌም ክፍል ለጨረሰ ይሰጥ የነበረው ሽልማትም ከ20,000 ወደ 5,000 ወርዷል። ሰልፉን አሳጠርኩልህ ብሎ ታክሲዎቹንም ቀነሰ። እና ሰው ከመጀመሪያው ይልቅ በዚህኛው ተናደደ ብል አላጋነንኩም። በመጨረሻ ጌሙ በይፋ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው በገንዘብ የሚገዛውን ነገር በሙሉ አነሱት። ማርች 2018 ላይ ሥርዓቱን እንደ አዲስ ሠርተው ጀግኖቹን ለሁሉም ከፈቱ። አቅም የሚጨምሩት ካርዶች በመጫወት ብቻ የሚገኙ ሆኑ፤ በገንዘብ የሚሸጠው ልብስና መልክ ብቻ ሆነ።

ይህን የነገርኩህ ለማስፈራራት አይደለም። እናንተን ሦስት ልጆች ማንም በሬዲት አያሳድዳችሁም። ግን ጌሙን የሞከሩላችሁ ልጆች አፍንጫ ያው ነው። ቁጥሩን ከነመነሻው ያሸቱታል። «ይህ ቁጥር እዚህ የተቀመጠው ጌሙ ስለሚያምርበት ነው ወይስ ሱቁ ስለሚሸጥበት?» ብለው ባይጠይቁህም «ፔይ ቱ ዊን» ሲሉህ ያንን ማለታቸው ነው።

እውነት ለመናገር ቃሉን ትንሽ አላግባብ ተጠቅመውበታል። ወይም ተጠቅመውበታል ብዬ ነበር፤ ጥያቄህን ደግሜ ሳነብ ግን ሰንጠረዡን አየሁት። አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ጌም ውስጥ ጊዜ ገዝቶ ቢሮጥ ሌላውን አይነካም። ሥራ የሚውል፣ ልጅ ያለው፣ ማታ ሃያ ደቂቃ ብቻ የሚያገኝ ሰው 40 ብር ከፍሎ ቢቀድም ምን አገባኝ። እናንተ ጋ ግን የሳምንቱ ሰንጠረዥ አለ። የሚለካው ገቢ ነው። ገቢ የሚመጣው በመኪናው አቅም ነው። የመኪናው አቅም የሚመጣው ከጋራዥ ነው። ጋራዡ ደግሞ በ40 ብር ይከፈታል። መስመሩን በጣትህ ተከተለው፤ ከቴሌብር ተነስቶ ሰንጠረዡ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ልጆቹ ልክ ናቸው። ጊዜ ስትሸጥ ማሸነፍንም አብረህ ሸጠሃል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሰንጠረዡን ከኪስ ለዩት። በየሳምንቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ስጡ። አንድ ሳምንት ሁሉም በውይይት፣ ሌላ ሳምንት ሁሉም በዶልፊን ይወዳደር። ነዳጁ እኩል፣ መንገዱ እኩል፤ ከመርካቶ ቦሌ በአንድ ቀን ውስጥ ማን ጥሩ ሠራ? የግል መኪናው ለግል ጌሙ ይቆይ። ካልሆነ ውድድሩን በመኪና ዓይነት ክፈሉት፤ ቅጥቅጥ ያለው ከውይይት ጋር አይጋፋ። እኔ የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው። ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የጀመረውም እንዳይበልጥ ያደርጋል።

ዶታ 2ን አስብ። ከ2013 ጀምሮ ጀግኖቹ በሙሉ ለሁሉም ክፍት ናቸው። የጌሙ ባለቤት ቫልቭ የሚሸጠው ልብስ፣ ጌጥ፣ ድምፅ ነው። በሚሊዮን ዶላር ሽልማት የሚወዳደረው ባለሙያም፣ ትናንት ያወረደውም አንድ ዓይነት ጀግና ይመርጣሉ። ተሸነፍክ? ስላልቻልክ ነው። ይህ ለተሸናፊው ራሱ ክብር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣላችሁን ፈተና አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጊዜ መሸጥ ሲያስወቅሳችሁ ጓደኛችሁ «እንግዲያው ዕጣ እንሽጥ» ይላል። «ሳጥን ይከፍታል፣ ወይ ጎማ ይወጣለታል ወይ ሞተር።» እባካችሁ አትግቡበት። ይህ ከሰልፍ አልፎ ቶምቦላ ነው።

ቤልጂየም በ2018 የፊፋ 18፣ የኦቨርዎች እና የካውንተር ስትራይክን የዕጣ ሳጥኖች መርምራ የቁማር ሕግ ጥሰት ናቸው አለች። ፊፋ ውስጥ በገንዘብ የሚገዙት ነጥቦች እዚያ አገር ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ቆሙ። ዳያብሎ ኢሞርታል የሚባለው ጌም በ2022 ሲወጣ ቤልጂየምና ኔዘርላንድስ ላይ ጭራሽ አልተለቀቀም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኮሪያው ነው። ሜፕልስቶሪ የሚባል የቆየ ጌም አለ። ኪዩብ የሚባል ነገር ይሸጥ ነበር፤ ኪዩቡ የመሣሪያውን ባሕርይ በዕጣ ይቀይራል። ሰው ለዓመታት ይገዛ ነበር። የአገሪቱ የንግድ ውድድር ኮሚሽን ሲመረምር፣ ሰው አጥብቆ ከሚፈልጋቸው ጥምረቶች አንዳንዶቹ ጭራሽ እንዳይወጡ መደረጋቸውን አገኘ። ዕድላቸው ዜሮ ነበር። ይህ ለገዢው አልተነገረውም። ጃንዋሪ 2024 ላይ የጌሙ ባለቤት ኔክሰን 11.6 ቢሊዮን ዎን ተቀጣ። ባዶ ኮሮጆ ውስጥ እጅህን እየከተትክ ዕጣ ስታወጣ አስበው።

ዕድሉ በግልጽ ተጽፎ ቢሆንስ? ገንሺን ኢምፓክት የሚባለው ጌም ይጽፈዋል። ባለ አምስት ኮከብ ገጸ ባሕርይ የማግኘት መነሻ ዕድል 0.6 በመቶ ነው። ቢበዛ በ90ኛው ሙከራ አንድ ይሰጥሃል፤ ግን የፈለግከው ላይሆን ይችላል። መጻፉ ከአለመጻፉ ይሻላል። ያም ሆኖ ገንዘቡን ተከታተለው። በዶላር ክሪስታል የሚባል የጌም ገንዘብ ትገዛለህ። ክሪስታሉን ወደ ሌላ የጌም ገንዘብ፣ ወደ ፕሪሞጄም ትለውጣለህ። 160 ፕሪሞጄም አንድ የዕጣ ቲኬት ይሆናል። ቲኬቱ ዕጣ ይሆናል። እዚህ ስትደርስ አንድ ሙከራ ስንት ዶላር እንደሆነ ለመናገር ካልኩሌተር ትፈልጋለህ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በጃንዋሪ 2025 ካነሳቸው ክሶች አንዱ ይኸው ድርብርብ ገንዘብ ነበር። ኩባንያው 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ከ16 ዓመት በታች ላሉት ያለ ወላጅ ፈቃድ ሳጥን እንዳይሸጥም ተከለከለ። በዚያው ዓመት ማርች የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣናት ዋጋ በእውነተኛ ገንዘብ ይጻፍ የሚል መመሪያ አወጡ።

እናንተ ይህን ሳታውቁት በትክክል ሠርታችኋል። «40 ብር» ብላችኋል። «80 ወርቅ» አላላችሁም። እንደዚያው ይቆይ። ወርቅ የሚባል ነገር ከገባ 100 ወርቅ ትሸጣላችሁ፣ ዕቃው 80 ይሆናል፣ 20 ይተርፋል፣ የተረፈውን ላለማባከን ሰው እንደገና ይገዛል። ሥራው ውስጥ ያለን ሰዎች ይህን እያወቅን ነው የምንሠራው። እኔም ሠርቼዋለሁ።

እንዲያውም ስለ ራሴ ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት ውጭ አገር አንድ ስቱዲዮ ውስጥ ልክ የጓደኛህን ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። ጥበቃው ይርዘም አልኩ፤ ረዘመ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገቢው ወጣ። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ከዚያ አዲስ ገቢዎቹ ረጅም ጥበቃ የሚጀምርበት ደረጃ ላይ እየደረሱ መጥፋት ጀመሩ። ግራፉ ላይ ገደል ይመስላል። የቀሩት ጥቂት ከፋዮች ናቸው፤ የሙያው ሰዎች እነሱን በእንግሊዝኛው «ዌል» ይሏቸዋል፣ ዓሣ ነባሪ። ደንበኛህን በዓሣ ነባሪ ስም መጥራት ስትጀምር የሆነ ነገር እንደተበላሸ ማወቅ ነበረብኝ። አንድ ቀን ከእነሱ አንዷ ለደንበኞች አገልግሎት ጻፈች። ስድብ አልነበረም። ያወጣችውን ገንዘብ ዝርዝር ልካ «ይህ ትክክል መሆኑን ልታረጋግጡልኝ ትችላላችሁ?» ነበር ያለችው። ትክክል ነበር። ድምሩን አይታው አታውቅም። እኛም አሳይተናት አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ በምሠራው ጌም ሁሉ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ተጫዋቹ እስካሁን ያወጣው ድምር አንድ ንክኪ ርቀት ላይ ይታይ። በወር የሚወጣ ገንዘብ ጣሪያ ይኑረው። ለእናንተ ጣሪያውን 200 ብር አድርጉት እላለሁ። ሁሉም ጌም ሰሪ ግን በዚህ አይስማማም፤ አንዳንዱ «የራሱ ገንዘብ ነው» ይለኛል።

ከዓመታት በፊት ዋርፍሬምን የሠሩት የካናዳ ልጆች ያደረጉትን ደግሞ እወደዋለሁ። ጌሙ ውስጥ ውሻ መሰል እንስሳ አለ። የፀጉሩን ቀለም በትንሽ ክፍያ በዕጣ የሚቀይር ማሽን አስገቡ። አንዱ ተጫዋች 200 ጊዜ ያህል ሳበው። ቁጥሩን ሲያዩ ገቢው አላስደሰታቸውም፤ ቀፈፋቸው። ማሽኑን ነቅለው ጣሉት። ያ ጌም ከ2013 ጀምሮ እስከ አሁን ይሠራል። የሚሸጡት ፕላቲኒየም የሚባል ገንዘብ ተጫዋቾች እርስ በርስ ይለዋወጡታል። ስለዚህ ብር የሌለው ሰው ጊዜውን አውጥቶ ዕቃ ያገኛል፣ ዕቃውን ብር ላለው ይሸጣል። ሁለቱም ይጠቀማሉ።

እሺ፣ ታዲያ እናንተ ምን ትብሉ? ይህ ቀልድ አይደለም። ነፃ ጌም ላይ የሚከፍለው ከመቶ ጥቂት ሰው ነው። እኛ አገር ደግሞ ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው ጥቂት ነው። ልጆቹ የፐብጂን የጌም ገንዘብ፣ ዩሲን እንኳን በቴሌግራም በሰው በሰው እየገዙ ነው።

መልሱ ጌማችሁ ውስጥ ተሰቅሎ እየጮኸ ነው። የታክሲ ጥቅስ! የኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፈው። ከሾፌሩ በላይ የሚንጠለጠለው። መሪው ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ፣ የረዳቱ ኮፍያ፣ ጥሩምባው፣ ጣሪያው ላይ የሚሰቀለው መብራት። አንድ ሰው በ15 ብር «ሂሳብ ቀድሞ ይከፈላል» የሚል ስቲከር ገዝቶ ቢለጥፍ ማንንም አይበልጥም። ጓደኛው ግን ያየዋል፣ ይስቃል፣ እሱም ይገዛል። ተጫዋቹ የራሱን ጥቅስ የሚጽፍበት ባዶ ስቲከር ደግሞ በ30 ብር ሽጡ (ስድብ የሚያጣራላችሁ ሰው ግን አስቡበት፤ የአገራችንን ልጆች ታውቃቸዋለህ)።

ከዚያ አዲስ ከተማ ሽጡ። አዲስ አበባ በነፃ። ድሬዳዋ ከባጃጆቿ ጋር፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፤ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ለዘላለም የሚከፈት። ይህ ሰልፍ መዝለል አይደለም፤ አዲስ መስመር መክፈት ነው። የሠራችሁበት ነው፣ ተገቢ ዋጋ አለው።

ባትል ፓስ (አንዴ ተከፍሎበት እየተጫወቱ ሽልማት የሚከፍቱበት) እንሥራ ካላችሁም አልቃወምም። በወቅቱ ማለቂያ እንዳይጠፋ አድርጉት ብቻ። ሄሎ ኢንፊኒት የሚባለው ጌም ፓሱ ጊዜ እንዳያልፍበት አድርጎታል፤ የገዛኸው ነገር ከሁለት ዓመት በኋላም ተቀምጦ ይጠብቅሃል። የፈተና ሰሞን ያለበት ተማሪ የከፈለበት ነገር ሊያመልጠው ነው ብሎ ሌሊት መጫወት የለበትም።

ጌጥ መሸጥ ብቻውን ንጹሕ ያደርጋችኋል ብለህ ግን እንዳታስብ። ፎርትናይት የሚሸጠው በአብዛኛው መልክ ነው። አቅም አይሸጥም። ያም ሆኖ ዲሴምበር 2022 ላይ ባለቤቱ ኤፒክ ጌምስ ለተጫዋቾች ተመላሽ የሚሆን 245 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተደረገ። ምክንያቱ የቁልፎቹ አቀማመጥ ነበር። ሰው ሳያስበው በአንድ ንክኪ ይገዛ ነበር፤ ልጆች የወላጅ ፈቃድ ሳይጠየቅ ይገዙ ነበር። ስለዚህ ቴሌብር በየግዢው ፒን መጠየቁ አያበሳጭህ። ጥሩ እንቅፋት ነው። ለማለፍ ብልሃት አትፈልጉለት።

ማስታወቂያ ልታስገቡ ትችላላችሁ፤ «ቪዲዮ አይተህ ጋራዡን አፋጥን» የሚለውን ማለቴ ነው። ውጭ አገር ሲሆን ይህ ነፃ ይባላል። እኛ ጋ ነፃ አይደለም፤ ቪዲዮው ፓኬጅ ይበላል። ተጫዋቹ ብር አልከፈልኩም ቢል ሜጋባይት ከፍሏል። ማስታወቂያው ዋይፋይ ላይ ሲሆን ብቻ ይምጣ፣ ወይም በጽሑፍና በምስል ይሁን። ይህን የሚያስብ የውጭ ጌም አላየሁም። እናንተ ብታስቡበት ተጫዋቹ ያስተውላችኋል።

የጋራዡን ሰዓት እንዴት ትወስኑ? ሱቁን አጥፉት። አንድ ሳምንት ሙሉ የሚሸጥ ነገር የሌለበትን ጌም ለሙከራ ልጆቹ ስጡ። የሚከፈልበት በር ሳይኖር 8 ሰዓቱ ደስ ካላቸው ይቆይ። «ይሄ ምን ይሠራል?» ካሉ አሳጥሩት። የእኔ ግምት 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ትቆማላችሁ። ስንት ሰው 12ኛ ደረጃ ላይ እንደሚያቆምም ቁጠሩ። ከ12 ወደ 13 ሳያልፍ የሚቀረው ሰው ቁጥር በድንገት ከዘለለ እዚያ ግድግዳ ሠርታችኋል፤ በግድግዳ ላይ መሰላል መሸጥ ለአንድ ወር ያዋጣል።

ሰዓቱን ስታሳጥሩ ጋራዥ መዝለልን ፈጽሞ አትሽጡ አልልም። ለግል ጌሙ ብቻ በ5 ብር ይቆይ፤ ያ ማታ ሃያ ደቂቃ ያለው ሰውዬ ይጠቀምበት። ሰንጠረዡን ግን አይንካ።

ጓደኛህን ደግሞ አትቆጣው። ያየውን ነው ያመጣው፤ በስልኩ ላይ ያሉት ጌሞች በሙሉ እንደዚያ ናቸው። ይህን 75 ቀን የሚለውን ስሌት ብቻ ወረቀት ላይ አድርገህ አሳየው።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር አለ። በሙከራው ጊዜ 40 ብር ከፍለው ጋራዥ የዘለሉ ልጆች ይኖራሉ። ሰዓቱን ስታሳጥሩ እነሱ ከሁሉም በላይ የተጎዱ ይሆናሉ፤ ነገ በ5 ብር ወይም በነፃ የሚገኘውን ነው የገዙት። ስማቸውና የከፈሉት ቴሌብራችሁ ላይ አለ። አዲሱን አፕዴት ከማውጣታችሁ በፊት ብራቸውን መልሱላቸውና ስቲከር ጨምሩላቸው። በቁጥር ጥቂት ስለሆኑ አሁን ቀላል ነው።